የዋኔ አርባ ጭራሮ

እናንተ ልጆች፣ ኑ ጠጋ በሉ። አንተም ከደጃፉ ግባ፣ ብርድ እያስገባህ ነው። ቁጭ በሉ። ቆሞ የሚሰማ ካለ ተረት ይረዝማል ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፣ ምናልባት እኔ ነኝ ያልኩት። ይቺ ግን አጭር ናት። እግሬ ሳይደነዝዝ እጨርሳታለሁ።

ልንገራችሁ? "ንገረን" በሉ እንጂ። እህ፣ እንደሱ።

በድሮ ዘመን፣ ያን ያህል እንኳ ድሮ አይደለም፣ አያቶቻችሁ በገዛ ጥርሳቸው ቆሎ በሚቆረጥሙበት ዘመን፣ አንዲት ዋኖስ ነበረች። ዋኔ ነበር የሚሏት። የዋህ ነበረች። ሰው አማኝ ነበረች። ቤት መሥራት ግን አትችልም ነበር።

አትሳቁ። የዋኖስ ዘር በሙሉ እንዲሁ ነው። ሰባት ጭራሮ ታገኛለች፣ ሰባቱን አነባብራ ታስቀምጥና "አለቀ" ትላለች። ከታች ሆናችሁ ቀና ብትሉ በጭራሮው መሀል እንቁላሏን ቁልጭ አድርጋችሁ ታያላችሁ። ባሏ ደግሞ ዝምተኛ ነው። ጭራሮ ያመጣል፣ ያቀብላል፣ "በቃሽ ወይ?" እንኳ ሳይል ይሄዳል።

በዚያ ዘመን ግን ይሄ ምንም አልነበረም። ደን ነበራ። ከወንዙ ማዶ ዋንዛ ነበር፣ ወይራ ነበር፣ ዝግባ ነበር። ቅጠሉ ከላይ ይሸፍናል፣ ሐረጉ ከታች ይተበትባል፣ እሾሁ ከጎን ያጥራል። ሰባት ጭራሮ ይበቃል፣ የቀረውን ዛፉ ይጨርሰዋል።

የዚያ አገር ሰዎች ደግሞ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ይቺን ደህና አድርጋችሁ ስሙኝ። ዛፍ ሊቆርጥ የመጣ ሰው ዝም ብሎ አይቆርጥም። መጥረቢያውን ያዞርና በጀርባው ግንዱን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል።

ድም። "ባለቤት አለ?"

ድም። "ልጅ አለ?"

ድም። "ይቅር በሉኝ።"

ከዚያ ይቀመጣል። ወፏ ብር ብላ ትወጣለች። ወጥታ ከቀረች ዛፉን ይቆርጣል። ወጥታ ከተመለሰች ግን ልጅ አላት ማለት ነው፣ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ያደርግና ይሄዳል። "ወጥታ የተመለሰች እናት ናት" ይሉ ነበር። ያንን ዛፍ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ማንም አይነካውም።

ዋኔ ራሷ የተረፈችው በዚሁ ነው። ጫጩት ሆና፣ ላባዋ ገና እሾህ እሾህ ሲል፣ እናቷ ጎጆ ከሠራችበት ዋንዛ ሥር አንድ ጎረምሳ መጣ። ጀንበሬ ይባላል። ድም፣ ድም፣ ድም አደረገ። እናቷ ወጣች፣ አንድ ጊዜ ዞረች፣ ተመለሰች። ጀንበሬ ቀና ብሎ አያትና "ይቅርታ እመቤቴ፣ ሰው እንዳለ አላወቅሁም" ብሎ ሄደ።

ወፍን "ሰው" አላት። ዋኔ ይቺን ነገር አልረሳችም። ድምፁንም አልረሳችም።

እንግዲህ ምን ሆነ? ሰው በዛ። እርሻ ፈለገ፣ ማገዶ ፈለገ፣ በር ፈለገ፣ አልጋ ፈለገ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንኳኩተው ይቆርጣሉ። አንኳኩተው ይቆርጣሉ። አንኳኩተው ይቆርጣሉ። አንዲትም ወፍ አልተጎዳችም።

ደኑ ብቻ አለቀ።

ሲያልቅ ሰዎቹ ደነገጡ። ቤት በምን ይሠራል? በምን ይበሰላል? ያን ጊዜ ባሕር ዛፍ መጣ። ከሩቅ አገር የመጣ ዛፍ ነው፣ ቶሎ የሚያድግ። ዘንድሮ ከጉልበትህ ነው፣ ለከርሞ ከራስህ ይበልጣል፣ በሦስተኛው ዓመት ሰላም አይልህም። ተራራውን በሙሉ እሱን ተከሉበት። ተሰልፎ ቆመ። አይጣመምም፣ አያጎነብስም፣ ከጎረቤቱ ጋር አይነካካም። ሲያድግ ይቆርጡታል፣ ሲቆርጡት ከጉቶው ይበቅላል፣ ሲበቅል ይቆርጡታል። ሰዎቹ ወደዱት። አልፈርድባቸውም፣ ይቺ የተቀመጥንባት ቤትም ያለሱ አልቆመችም።

ቤት ያጡት ወፎችም መጥተው ከዳር ቆሙ።

መጀመሪያ ግንደ ቆርቁር ገባ። ቆረቆረ፣ አዳመጠ። ቆረቆረ፣ አዳመጠ። "ይሄ ዛፍ ልጅ ነው" አለ። "እኔ ሽማግሌ ዛፍ ነው የምፈልገው፣ ጎኑ የበሰበሰ፣ ትል የሚያበላኝ። ይሄ ሳያረጅ ነው የሚሞተው።" ሄደ።

ቀጥላ እመት ጉጉት ገባች። ዞረች፣ ዞረች። "ቀዳዳ የለውም" አለች። "አያ ግንደ ቆርቁር ካልቦረቦረ እኔ የት እገባለሁ? ዕድሜ ልኬን ሰው በሠራው ቤት ነው የኖርኩት።" ሄደች።

በመጨረሻ ዋኔ ቀረች። የት ትሂድ? እንቁላሏ ሆዷ ውስጥ ነው። እንቁላል ደግሞ "ትንሽ ቆይ" ቢሉት አይሰማም።

ከረጅሙ ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ አያ ቁራ ተቀምጦ ያያታል። አያ ቁራ ብልጥ ነበር። ሆዳም ነበር። ውሸት ግን አይወድም ነበር፣ ሳይዋሽ ማታለል ስለሚችል።

"እመት ዋኔ፣ ምን ያቆምሻል? ግቢ እንጂ" አላት።

"ቤቱ እንግዳ ሆነብኝ፣ አያ ቁራ።"

"እንግዳማ እንግዳ ነው። ግን ከፍታውን እይው። እባብ እንኳ አይወጣበትም፣ ያዳልጠዋል። ሽታው ደግሞ ለጉንፋን መድኃኒት ነው።"

"እኔ ጉንፋን የለብኝም።"

"ሲይዝሽ ታመሰግኚኛለሽ።"

ዋኔ ግንዱን ከታች እስከ ላይ አየችው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ያንኳኳሉ?"

"ሰዎቹ እነዚያው ናቸው" አለ አያ ቁራ። "መጥረቢያውም ያው ነው።"

ልብ በሉ፣ አንድ ቃል አልዋሸም።

ዋኔ ገባች። ሰባት ጭራሮ በባሕር ዛፍ መንታ ቅርንጫፍ ላይ አነባበረች፣ "አለቀ" አለች፣ ሁለት እንቁላል ጣለች። ባሕር ዛፍ ግን ልብሱን የሚያወልቅ ዛፍ ነው። ቅርፊቱ ይደርቅና እየተላጠ ይወርዳል። ዋኔ ይሄን በየት ታውቃለች? ዋንዛ እንግዳ ፊት ልብሱን አያወልቅም። ነፋስ መጣ፣ ቅርፊቱ ተላጠ፣ ጎጆውም አብሮት ተንሸራቶ ወረደ። እንቁላሎቹ ተሰበሩ።

"አይዞሽ" አለ አያ ቁራ። "የመጀመሪያ ቤት እንዲህ ነው።"

ዋኔ ሁለተኛ ሠራች። አሁን ቅርፊት የሌለበት ቅርንጫፍ መረጠች። ሰባት ጭራሮ፣ ሁለት እንቁላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ቀጭን ነው፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ። ፀሐይ ያልፍበታል። ፀሐይ ካለፈበት ዓይንም ያልፍበታል። ከሥሩም ሣር አይበቅል፣ ጥራጥሬ የለ፣ ዋኔና ባሏ እህል ፍለጋ እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዳሉ። አንድ ቀን ዋኔ ተመለሰች። ጎጆው አለ፣ እንቁላሉ የለም። አያ ቁራ ምንቃሩን ቅርንጫፍ ላይ ይጠርጋል።

"አያ ቁራ፣ ማን መጥቶ ነበር?"

"እኔ ነኝ፣ ጎረቤት ልጠይቅ ብዬ። አጣሁሽ።"

አሁንም አልዋሸም።

ዋኔ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ባሏ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ቆመ፣ ቆመና ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ሰባት አይበቃም" አላት።

ከተጋቡ ጀምሮ የተናገረው ይሄንኑ ነው። ሁለት ቃል። ግን እውነቱን ነበር።

ተያይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ከድሮው ደን የቀረ አንድ የዋንዛ ጉቶ ነበር፣ ጥቂት ቀንበጥ ያቆጠቆጠ። ከሥሩ ጭራሮ ለቀሙ። እሱ ያመጣል፣ እሷ ትሰካለች። እሱ ያመጣል፣ እሷ ትሰካለች። ቦታውንም አሰቡበት። በባሕር ዛፉ መሀል አንድ ጉቶ ነበር፣ ከአንድ ሥር ሦስት አጠና ያበቀለ። አጠና ታውቃላችሁ፣ ለግድግዳ የሚሆነው ቀጭኑ ግንድ። ሦስቱ አጠናዎች ተጠጋግተው ቆመዋል፣ እንደ ጉልቻ። ጎጆውን በሦስቱ መሀል አጣብቀው ሠሩት። ሰባት አልሆነም፣ ሃያ አልሆነም። አርባ ጭራሮ ሆነ።

በዋኖስ ዘር እንዲህ ያለ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ግንደ ቆርቁር ከሩቅ ሰምቶ ሊያይ መጣ። ዞሮ አየው። "ይሄማ ግንብ ነው" ብሎ ተመለሰ። አያ ቁራም መጣ፣ ምንቃሩን በዚህ ቢያስገባ እምቢ፣ በዚያ ቢያስገባ እምቢ። "ቤትሽ ጠበበ፣ እመት ዋኔ፣ እንግዳ አያስገባም" አላት። ዋኔ እንቁላሏን ማን እንደበላው አሁን ገብቷታል።

እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። ሁለት ጫጩት። አስቀያሚ ነበሩ። የዋኖስ ልጅ ሲወለድ ያስቃል፣ እንደ ሽማግሌ ፀጉሩ ሳሳ፣ አፍንጫው ገዘፍ ያለ ነው። ለዋኔ ግን ከነሱ የሚያምር አልነበረም። አንዷ ተንጫጪ ነበረች፣ አንዱ እንደ አባቱ ዝምተኛ። ላባ አወጡ። ክንፋቸውን ማራገብ ጀመሩ።

ለመብረር አምስት ቀን ቀራቸው። አምስት ቀን ምን አላት? ከሰኞ እስከ ዓርብ ናት።

በዚያ ቀን ጠዋት ባሏ እህል ፍለጋ እንደወጣ ዋኔ የሰው ኮቴ ሰማች። ወደ ታች አየች። አንድ ሰውዬ መጥረቢያ ይዞ፣ አንዲት ሴትዮ የማገዶ ማሰሪያ ጠፈር ይዛ ይመጣሉ። ሴትዮዋ የሻረግ ትባላለች፣ ሚስቱ ናት፣ የረገፈ ቅጠልና ጭራሮ ለማገዶ ልትሰበስብ ነው። ሰውዬው ለልጃቸው ለስንዱ አጠና ሊቆርጥ ነው። ስንዱ ተድራ ጎጆ ልትወጣ ነው።

"ቀጥ ቀጥ ያለውን ምረጥ" ትለዋለች የሻረግ። "የልጅቷ ቤት እንዳንተ ወገብ እንዳይጎብጥ።"

"ወገቤ የጎበጠው አንቺን ተሸክሜ ነው።"

"መቼ ተሸክመኸኝ ታውቃለህ? የተሸከመችኝ በቅሎዋ ናት።"

"በቅሎዋማ ሞተች።"

"እኔ ምን ላድርግ? አንተን አግብታ ቢሆን ቀድማ ትሞት ነበር።"

ሰውዬው ሳቀ። በሳቁ ዋኔ አወቀችው። ጠጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ጀንበሬ ነው።

የዋኔ ልብ መለስ አለ። የመጣው ሌላ ሰው ቢሆን ትፈራ ነበር። ጫጩቶቿን በክንፏ ሰበሰበቻቸው።

"አትፍሩ" አለቻቸው። "ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። እኔ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ከዚያ እሱ ይሄዳል።"

"ካልሄደስ?" አለች ተንጫጪዋ።

"ይሄዳል። እናቴን 'እመቤቴ' ብሏታል።"

ጀንበሬ ሦስቱን አጠናዎች አየ። ቀጥ ያሉ ናቸው፣ አማሩት። ቀና ብሎ ወደ ላይ አላየም። በዋንዛ ሥር ቢሆን ያይ ነበር። መዳፉን እፍ አለበት፣ መጥረቢያውን አነሳ።

ጧ።

"ባለቤት አለ?" ብላ ቆጠረች ዋኔ። ድምፁ ሌላ ሆነባት። የድሮው ወፍራም ነበር፣ ይሄ ስል ነው። ግን ዛፉ እንግዳ ነው፣ ድምፁም እንግዳ ቢሆን ምን ይገርማል አለች በልቧ።

ጧ።

"ልጅ አለ? አለ፣ ሁለት አለ" አለች ቀስ ብላ።

ጧ።

"ይቅር በሉኝ። ይቅር ብለንሃል" አለች ዋኔ፣ ክንፏን ዘርግታ ወጣች። እንደ ሥርዓቱ። እንደ እናቷ። ወጣች፣ አንድ ጊዜ ዞረች፣ ተመለሰች።

ስትመለስ ቤቱ የለም።

አጠና ቀጭን ነው፣ ልጆቼ። ዋንዛ ለመጣል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለአጠና ሦስት ምት ይበቃዋል። አንደኛው አጠና ሲወድቅ ጎጆውን ይዞት ወረደ።

ዋኔ ጎጆው የነበረበት ቦታ መጣች። አየሩ ላይ ክንፏን እያራገበች ቆመች። ከሥሯ ምንም የለም። ወጣች፣ ዞረች፣ ተመለሰች። ምንም የለም። ወጣች፣ ዞረች፣ ተመለሰች።

ጀንበሬ የመጀመሪያ መመለሷን አላስተዋለም፣ ላቡን ይጠርግ ነበር። ሁለተኛውን አየ። በሦስተኛው መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ። "ወጥታ የተመለሰች እናት ናት" የሚለውን ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረማ።

የሻረግ ከወደቀው ቅርንጫፍ ሥር ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ጎንበስ አለች።

"ና እስኪ" አለችው።

"ምንድን ነው?"

"ና እንጂ።"

ዝምተኛው ጫጩት ሞቷል። ተንጫጪዋ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ ግን የላትም። የሻረግ በመዳፏ ያዘቻት። ከዚያ ጫጩቷም ሞተች።

ያን ጊዜ አባትየው ከወንዙ ተመለሰ። ጉሮሮው በእህል ሞልቷል። ከተረፉት ሁለት አጠናዎች በአንዱ ላይ አረፈ። ለማን እንደሚሰጠው ጠፋበት።

ጀንበሬ ጉቶው ላይ ቁጭ አለ። "ባሕር ዛፍ ላይ ወፍ ይኖራል እንዴ?" አለ።

"የት ይኑር ታዲያ?" አለች የሻረግ። "ሌላውን አንኳኩታችሁ ጨረሳችሁት።"

"ሰብል እኮ ነው፣ የሻረግ። እንደ ማሽላ ተክዬ እንደ ማሽላ የማጭደው። ማሽላ ሲያጭድ የሚያንኳኳ ሰው አይተሻል? ዋንዛ ቢሆን አንኳኳ ነበር። ወይራ ቢሆን አንኳኳ ነበር። አባቴ ያስተማረኝን የምረሳ ሰው ነኝ? ለባሕር ዛፍ ማን ያንኳኳል?"

የሻረግ ጎጆውን አገላብጣ ታያለች። ጭራሮው የባሕር ዛፍ እንዳልሆነ አወቀች። አንድ በአንድ የዋንዛ ነው። ከወንዝ ማዶ የመጣ።

አያ ቁራስ ትሉኛላችሁ። ጠግቦ ቀረ ወይ? አልቀረም። ሌላው ሰው ሁሉ ለየቤቱ አጠና ሲቆርጥ ሰነበተና በሳምንቱ ተራራው ባዶ ሆነ። ረጅሙም ባሕር ዛፍ ወረደ፣ የአያ ቁራ ጎጆም ከነልጆቹ ወረደ። አያ ቁራ እየጮኸ ዋኔ ጋ መጣ። "ሳያንኳኩ ቆረጡት እኮ" አላት። "እኔ ያንኳኳሉ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።" ለሷ ያጠመደውን ወጥመድ እሱም ሳያውቀው አምኖት ኖሯል። ዋኔ ዞር ብላ አላየችውም።

ዋኔ እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ነው የምትጮኸው። ነገ ጠዋት አዳምጡ። ሁ፣ ሁ፣ ሁ ትላለች። ዝም ትልና ታዳምጣለች። ደግሞ ሁ፣ ሁ፣ ሁ። ሰዎቹ ስለተዉት እሷ ናት አሁን የምታንኳኳው።

አጭር ናት ብዬ ነበር፣ ትንሽ ዋሸሁ። ትምህርቱን ደግሞ እኔ ልነግራችሁ አስቤ ነበር። ሳሰላስለው ግን የሻረግ ካለችው የሚሻል አላገኘሁም። ጀንበሬ ያን ቀን ጉቶው ላይ እንደተቀመጠ "ለባሕር ዛፍ ማን ያንኳኳል፣ ለባሕር ዛፍ ማን ያንኳኳል" ሲል ቆየ። የሻረግ አርባውን ጭራሮ ከነጫጩቶቹ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለች። ብድግ አለችና እንዲህ አለችው፦

"የምናንኳኳው ለዛፉ መስሎህ ነበር?"